ከመሰላ በኩል የተሳለች ከተማ

የያዙኝ ሐሙስ ጠዋት፣ ከሁለተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ነው። መምህራን ማረፊያ ክፍል ገብቼ የጠመኔ ብናኝ ከእጄ ላይ እያራገፍኩ ነበር። ሲቪል የለበሱ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንደኛው በትሕትና ሰላም አለኝ። ሌላው ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ይቺ ያንተ ናት?»

ወረቀቷን ሳያት ደስ አለኝ። ለተማሪዎቼ ያደልኳት ወረቀት ነበረች፤ ወድቃ አግኝተው ሊመልሱልኝ የመጡ መሰለኝ። «አዎ፣ የኔ ናት። የት አገኛችኋት?» አልኩና ፈገግ አልኩ። ያ ፈገግታ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያሳፍረኛል። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት መምህራን ፊቱን የፈታ አልነበረም፤ የባዮሎጂ መምህሩ የሚያርመውን ደብተር ክምሩ ላይ መልሶ ወደ መስኮቱ ዞረ።

ያስገቡኝ ድሮ የቡና መጋዘን ወደነበረ ግቢ ነው። ያ ሰሞን በጭሮ ከተማና በአካባቢዋ ፍተሻ የበዛበት፣ የሚያዘውም ሰው የበዛበት ጊዜ ስለነበር መጋዘኑን በብሎኬት ከፋፍለው ክፍል አውጥተውለታል። የደረሰኝ ክፍል ረጅምና ጠባብ፣ መስኮት የሌለው ነው። ከቆርቆሮው ሥር ለአየር የተተዉ ሦስት ቀዳዳዎች አሉ። መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ ጆንያ፣ የቆየ ቡና፣ የሰው ላብ። በሩ አጠገብ ቢጫ ጀሪካን ተቀምጧል፤ ለምን እንደተቀመጠ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከእኔ ጋር አሥራ ሰባት ሆንን። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ቦታ አሳዩኝ፤ ጫማዬን አውልቄ ተቀመጥኩ። ሁሉም ሐጂ ይላቸዋል። የበደሳ ቡና ነጋዴ ናቸው። ማን የት እንደሚተኛ፣ ውሃ ማን ቀድሞ እንደሚጠጣ የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ።

ወረቀቷ ምን እንደነበረች ልናገር። እኔ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ የወሎ ልጅ፣ በምደባ የመጣሁ። ያኔ ጭሮ ከገባሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ተማሪዎቼ ሰዋስው ቢጠየቁ ያንበለብሉታል፤ «ውሃ ስጠኝ» በሉ ሲባሉ ግን ምላሳቸው ይታሰራል። መጽሐፉ ደግሞ ለአራት አንድ ነው። በክረምት ድሬዳዋ ለአጭር ሥልጠና ሄጄ አንዲት አሠልጣኝ አንድ ዘዴ አሳየችን። አንዱን ነገር ለሁለት ትከፍለዋለህ፤ ግማሹን ለአንዱ ተማሪ፣ ግማሹን ለሌላው ትሰጣለህ፤ ከዚያ ጀርባ ለጀርባ ታስቀምጣቸዋለህ። የጎደለውን ለመሙላት እርስ በርስ መጠያየቅ ግድ ይሆንባቸዋል። መሣሪያ አይፈልግም፤ ወረቀትና ፎቶ ኮፒ ይበቃል።

መንገድ ስለ መጠየቅ የሚያስተምረው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መጽሐፉ ውስጥ ያለው ካርታ የአንድ የውጭ አገር ከተማ ሆነብኝ፤ የምድር ውስጥ ባቡር ያለበት። ይህንን ትተን የራሳችንን ከተማ ብንሥል ብዬ አሰብኩና «ጭሮን ማን ይሥልልኛል?» ብዬ ጠየቅኩ። እጇን ያወጣችው ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማሁት ልጅ ናት። በመሰላ በኩል ካለ ገጠር መጥታ፣ ቤት ተከራይታ የምትማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። በሁለተኛው ቀን እርሳስ የነካው ሁሉ ሕይወት ያለው ካርታ አመጣችልኝ። ቦታዎቹን በእንግሊዝኛ የጻፍኩባቸው እኔ ነኝ፤ መስጊዱንና ባንኩን «ኤ» በተባለው ወረቀት ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑንና ሆስፒታሉን «ቢ» በተባለው ላይ። ያን ቀን ክፍሉ እንደ ገበያ ጮኸ። ልጅቷም ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ ግን ሳትቆም። በማስተማር ሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ጥቂት ነው።

ከሳምንት በኋላ አንዲት «ቢ» ወረቀት ኬላ ላይ ሚኒባስ ሲፈተሽ ከወንበር ሥር ተገኘች።

መርማሪው ከሰዓት በኋላ አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። አማርኛው ከእኔ የጠራ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ከወረቀቷ፣ ከማስታወሻውና ከእስክሪብቶው ሌላ ምንም የለም።

«ሌላው ግማሽ ማን ጋ ነው?»

«መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ኤ ይባላል። አርባ ኮፒ ነው።»

ማስታወሻው ላይ «አርባ» ብሎ ጻፈ።

«ትምህርት ከሆነ ሙሉውን ለምን አትሰጣቸውም?»

«ሙሉውን ካገኙ አይጠይቁም። ካልጠየቁ ደግሞ አይናገሩም።»

«ስለዚህ እያንዳንዱ የሚያውቀው ግማሹን ብቻ ነው።»

«አዎ።»

«ሌላው ምን እንደያዘ አያይም።»

«አያይም። ጀርባ ለጀርባ ነው የሚቀመጡት» አልኩ። ምን እያልኩ እንደሆነ የገባኝ የገዛ ጆሮዬ ሲሰማው ነው።

እሱ ግን የተንኮል ፈገግታ እንኳን አላሳየም። እስክሪብቶውን አነሳና ጫፉን ከኬላው ጀርባ ባለች ነጠብጣብ መስመር ላይ አሳረፈ። መስመሯ ከባሕር ዛፉ ሥር ዞራ፣ ኬላውን ሳትነካ ከውሃ ቦኖው አጠገብ ትወጣለች። ከጎኗ በእኔ እጅ በእንግሊዝኛ «የእግር መንገድ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉ ከምዕራፉ አዳዲስ ቃላት አንዱ ስለነበር ያኔ እሰይ ብዬ ነው የጻፍኩት። የት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አላየሁም። እውነቱን ለመናገር፣ እንዲህ ያለ መንገድ መኖሩን ያወቅኩት እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው።

«ይህን መንገድ ማን አሳየህ?»

ዓይኔን ከነጠብጣቧ ላይ አላነሳሁም።

«ጽሑፉ ያንተ ነው፤ ከደብተርህ ጋር አመሳክሬዋለሁ። መስመሩ ግን ያንተ አይደለም። ማን ነው የሳለው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ላነሳው ብፈልግም አልችልም ነበር። መርማሪው ወንበሩን ደገፍ አለ።

«ጥሩ» አለ። «ነገ ጠዋት እዚሁ ቁጭ ብለህ ትሥልልኛለህ። ሳታይ።»

ወደ ክፍሉ ስመለስ ስንቅ የሚገባበት ሰዓት ነበር። በዚያ ግቢ ስንቅ የሚያመጣ ሰው በር ላይ ስሙን ያስመዘግባል፤ ያመጣውን ምግብ ፖሊሱ እያየው ይቀምሳል። የእኔ ስም ሲጠራ ወደ በሩ ለመሄድ አመነታሁ። እኔ በከተማዋ ዘመድ የለኝም፤ መምህር ሲታሰር ደግሞ ተማሪ ምግብ ይዞ መምጣቱ ያለ ነው። እሷ ብትሆንስ? ያንን ካርታ በሳለ እጇ መዝገቡ ላይ ፈርማ ቢሆንስ? የመጣችው አከራዬ ነበረች። ፓስታ በፌስታል ልካልኛለች። ተመስገን አልኩ፤ መብላት ግን አልቻልኩም።

«መምህር፣ ፊትህ አመድ መስሏል» አሉኝ ሐጂ። «ምን አሉህ?»

እንዳለ ነገርኳቸው። ያልሳልኩትን ሳልኩ እንዳልኩ፣ ነገ እንድሥል መታዘዜን፣ እኔ ደግሞ ከተማዋን እንደማላውቃት። አራት ዓመት ሙሉ ከተከራየሁበት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ሻይ ቤት ነው የማውቀው። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ የማያውቀውን ሰው አሳፍረሃል ተብሎ የገባ የጭሮ ልጅ፣ «ታዲያ ማን ሳለው?» አለ።

ሐጂ እጃቸውን አነሱ። «ተው። ስም እኛም አንስማ። ያልሰማነውን ነገር ማንም ከእኛ አያወጣም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ሰውዬው ትንሽ ነው?»

«ልጅ ናት ሐጂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ሹፌሩን በኦሮምኛ አንድ ነገር አዘዙት። ሹፌሩ ብርድ ልብሱን መሬት ላይ አነጠፈ። ከጆንያ ጫፍ ረጅም ክር መዝዞ ከዳር እስከ ዳር ዘረጋውና «ይሄ አስፋልቱ ነው» አለኝ። እናቱ ከላከችለት ቆሎ እፍኝ ሙሉ አወጣ። ሽምብራው ባንክ ሆነ፣ ስንዴው ሱቅ፣ አንዲት የተላጠች ሱፍ ቤተ ክርስቲያን።

«መስጊዱስ የት ነው?» ብዬ ጀመርኩ።

ሐጂ አቋረጡኝ። «አራት ዓመት ውሃችንን ጠጣህ። በአማርኛ አይመልስልህም። በኦሮምኛ ጠይቅ።»

«ሐጂ፣ እባክዎ፣ ጊዜ የለኝም።»

«ጊዜ የሌለው ሰው ነው ቶሎ የሚማረው።»

ተናደድኩ። ሰው ጭንቅ ይዞት ይቀልዳሉ ብዬ ተቀየምኳቸው። ሹፌሩ ግን በትእዛዛቸው አፉን ዘግቶ ቆሎውን ይዞ ይጠብቀኛል። «መስጊድኒ ኤሳ ጂራ?» አልኩ፤ መስጊዱ የት ነው ማለት ነው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ ለካ ሁሉም እያዳመጠን ኖሯል። «ገረ ቢታ» አለ ሹፌሩ፤ ወደ ግራ። እህሏን ወደ ግራ አስቀመጥኩ። ስሳሳት ያርመኛል፤ ሲያርመኝ መልሼ እላለሁ። የጫት ተራውን፣ መናኸሪያውን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ቦኖውን ጠየቅኩ። ተማሪዎቼን አራት ዓመት ሙሉ የሚያውቁትን ነገር እንዲጠይቁ ሳደርግ ኖሬያለሁ። እኔ ግን ያን ቀን መልሱ ካልመጣ የምጠፋ ሰው ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ የተነገረኝ ቃል ሁለተኛ አልጠፋኝም። በአራት ዓመት ያልያዝኩትን በአንድ ከሰዓት ያዝኩት።

ከኬላው ጀርባ ያለችው የእግር መንገድ ጋ ስንደርስ ሹፌሩ ባጃጅ አይገባባትም አለ። የመለሱልኝ ሐጂ ናቸው። ቡና በአህያ ያስጭኑ በነበረበት ዘመን ያውቋታል። «ይህቺ መንገድ ከኬላው በፊት ነበረች» አሉ። «የሴቶች መንገድ ናት። ከገጠር ዱቄት ተሸክመው ሲመጡ አቋርጠው ውሃ የሚያገኙባት።»

ሦስት ጊዜ አፍርሰን ሦስት ጊዜ ሠራናት። ብርሃኑ ከቀዳዳዎቹ ሲሸሽ ሹፌሩ «በቃ አወቅሃት» ብሎ ባንኩን አንስቶ ዋጠው። የቀረውንም ተካፍለን በላን። እኔም ከተያዝኩ ወዲህ የመጀመሪያውን ምግብ የቀመስኩት ያኔ ነው።

ሌሊቱን በጭንቀት አነጋሁት። ዓርብ ጠዋት መርማሪው ነጭ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝና መስኮቱ አጠገብ ቆመ። አስፋልቱ መጀመሪያ ላይ ጠመመብኝ። ከዚያ በኋላ ግን የሹፌሩ ድምፅ በጆሮዬ እየመጣ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እያለ መራኝ። መናኸሪያውን አልሳትኩም። ቦኖውን አልሳትኩም። የእግር መንገዷን በነጠብጣብ አዞርኳት። ስጨርስ በራሴ ኮራሁ ብል አልዋሽም፤ በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ መኩራት ካለ።

መርማሪው የእኔን ወረቀት ከእሷ ካርታ ጎን አስቀመጠው። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ። ቀጥሎ የእኔን ቀስ ብሎ አዞረው፤ ራሱ ታች፣ እግሩ ላይ ሆነ። አሁን ሁለቱ ካርታዎች ገጠሙ።

«ያንተ ከተማ ከቦርደዴ በኩል ነው የምትጀምረው» አለ። «ከአዲስ አበባ መስመር የመጣ ሰው እንዲህ ያያታል። ይቺ ግን» ጣቱን ካርታዋ ላይ አሳረፈ፣ «ከመሰላ በኩል ነው የምትጀምረው። ይህን የሳለ ሰው በእግሩ በዚያ በኩል የሚገባ ሰው ነው።»

ሐጂም፣ ሹፌሩም፣ እኔም ሁሉን ነገር አስበን ይህችን አላሰብናትም። ወረቀቷን ከመቶ ጊዜ በላይ አይቻታለሁ፤ ከየትኛው ወገን እንደተሳለች ልብ አላልኩም።

መርማሪው አዲስ ባዶ ወረቀት አመጣና እስክሪብቶውን በላዩ ላይ አጋደመ። «መምህር፣ ትምህርት መሆኑን አምኛለሁ። አንተን እዚህ የማቆይበት ምክንያት የለኝም። ስሙን ብቻ ጻፍልኝ። ከምሳ በፊት ቤትህ ትገባለህ።»

ይህን ስጽፍ ጀግና ነበርኩ እንዲባልልኝ አልፈልግም። አፌ ተከፍቶ ነበር። የስሟ የመጀመሪያ ፊደል ምላሴ ላይ ነበረች። ምን ያደርጓታል፣ ልጅ ናት፣ ጠይቀው ይለቋታል አልኩ ለራሴ። አንድ ወር፣ ሁለት ወር እዚያ ጆንያ ላይ መተኛት በዓይኔ መጣ። ቀጥሎ ግን ያቺ ዓመቱን ሙሉ ዝም ብላ የኖረች ልጅ፣ ጀርባዋን ለጓደኛዋ ሰጥታ ቀስ ብላ ስትናገር የነበረችው ታየችኝ። እኔ ነበርኩ ተናገሪ ያልኳት። አሁን ደግሞ ይህን በመሣልሽ ተይዘሻል ልበላት?

እስክሪብቶውን አነሳሁ። ባዶውን ወረቀት ትቼ እኔ የሳልኳትን ካርታ ወደ ራሴ ጎተትኩ። ከግርጌው ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጻፍኩ፤ ከሥሩ «ካርታውን የሳልኩት እኔ ነኝ» ብዬ ፈረምኩና በሁለት እጄ አቀበልኩት።

መርማሪው አነበበው። አልተቆጣም። «እሺ መምህር» አለና ወረቀቱን መዝገብ ውስጥ ከተተው። ያን ቀን ከሰዓት ወደ ሌላ ክፍል አዛወሩኝ። ስለዚያኛው ክፍል ብዙ አልጽፍም። ሐጂንና ሹፌሩን ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም። ከአንድ ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ፣ ይቅርታም ሳልባል፣ ቀበቶዬንና ስልኬን ተቀብዬ ወጣሁ።

ወደ ማስተማሪያ ክፍሌ ተመለስኩ። ልጅቷ በቦታዋ አለች። እጇን ግን አታወጣም፤ ዓይኔንም አታይም። ለእኔ አዝና ነው፣ ፈርታም ይሆናል አልኩና አላስጨነቅኳትም። ነገሩን አንስቼ ዕዳ እንዳላሸክማትም ፈራሁ። በልቤ ግን፣ ለምን ልዋሽ፣ ደህና ነገር እንደሠራሁላት እያሰብኩ በኩራት አያት ነበር።

ባለፈው ዓመት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ወረቀት ልታስፈርም መጣች። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እስክሪብቶ ስፈልግ ቆማ ቆየችና ተናገረች።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?»

«ጠይቂ።»

«ያኔ እርስዎ ስሜን ለምን ነገሯቸው?»

አልገባኝም ነበር። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ሐሙስ ማታ፣ እኔ በተያዝኩበት ዕለት፣ የተከራየችበት ቤት መጥተው ወሰዷት። ካርታውን አንቺ ነሽ የሳልሽው አሏት። አዎ አለች። ስለ እግር መንገዷ ሲጠይቋት የአገሩ ሴት ሁሉ ይሄድባታል ብላ መለሰች። አንድ ሰዓት ያህል አቆይተዋት፣ ሁለተኛ በዚያ እንዳትሄድ፣ ለማንም እንዳትናገር አስጠንቅቀው ለቀቋት።

«በምን አወቃችሁኝ ስላቸው፣ መምህርሽ ነው የነገረን አሉኝ» አለች።

ቁጭ አልኩ። ሐሙስ ማታ። ማለት እኔ ዓርብ ጠዋት እየተጨነቅኩ አስፋልት ስሥል ያ ሰው ስሟን ያውቅ ነበር። በኋላ ሳስበው ስሟን ያገኘበት መንገድም ከባድ አልነበረም፤ የእሷ ክፍል የባዮሎጂ ደብተሮች በተያዝኩበት ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ተከምረው ነበር፤ አበባ የሳለችበትን አንድ ገጽ ከካርታው መስመር ጋር ማመሳከር ይበቃል። የስሟ ነገር አልቆ፣ የቀረው ከእኔ አፍ እንዲወጣ ብቻ ነበር። እስር ቤት ውስጥ እንኳን እንደዚያ ያለ ብርድ አልተሰማኝም።

ከዚያ በላይ ግን እሷ ናት አንጀቴን የበላችው። መምህሬ አሳልፎ ሰጠኝ ብላ እያሰበች አንድ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ተነሥታ «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» ብላኛለች። ለጓደኞቿ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ በዝምታዬ ስኮራ፣ እሷ በእኔ ላይ ዝም ብላ ኖራለች።

«አልነገርኳቸውም» አልኳት። «እኔ ነኝ የሳልኩት ብዬ ፈርሜያለሁ።»

ስናገረው ለራሴም ተረት መሰለኝ። ምስክር የሚሆነኝ አንድ ወረቀት ነው፤ እሱ ደግሞ የት እንዳለ ይታወቃል። ሄጄ ስጡኝ አልል። ሐጂን የት አገኛቸዋለሁ?

ልጅቷ ዓይኗን አቀርቅራ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ የፈረምኩላትን ወረቀት ተቀበለች።

«እሺ ቲቸር» አለች።

እኛ ጋ ተማሪ ለመምህሩ ሁልጊዜ እሺ ነው የሚለው። አምናኝ ይሁን አክብራኝ፣ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።